ቀጭኑን ውሰጂ

ሰው ዕቃ ሲመርጥ ማየት እወዳለሁ። ሴቶች ጨው ሲገዙ ጫፉን በምላሳቸው ነካ ያደርጋሉ። ወንዶች አቡጀዲ ሲገዙ በሁለት እጃቸው ወጥረው ወደ ፀሐይ ያነሡታል። ምን እንደሚያዩ እነሱም አያውቁትም፤ ግን ሳያዩ አይገዙም። ላምባ የሚገዛ ያሸታል። በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ አንዲት ባለ አንድ በር ሱቅ ነበረችኝ፤ ብዙውን የጉብዝና ዘመኔን ይህንን ሳይ ነው ያሳለፍኩት። ፊደልና ዳዊት ያስተማሩኝ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር የነበሩ የኔታ ናቸው። ሰው ማንበብ ያስተማረኝ ግን ገበያ ነው።

መጽሐፍ ሲመረጥ ግን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሸጬም አላውቅ። ጨው ያልቃል፣ ሳሙና ያልቃል፣ ላምባ ያልቃል። መጽሐፍ አያልቅም። የማያልቅ ዕቃ ይዞ የተቀመጠ ነጋዴ ምን እንደሚበላ አልታይህ ስላለኝ ነገሩን ለሌላ ትቼው ነበር።

ትውልዴ ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ወዲያ። እስቴ ላይ ከስማዳ የመጣ ሰው እንግዳ አይባልም፣ ዘመድም አይባልም፤ ነጋዴ ይባላል። ሰላምታ አይነፍጉኝም፤ እግዜር ይስጣቸው፣ በርበሬ ሲደቁሱም ሽታውን አይከለክሉኝም። በዓመት በዓል ዋዜማ ሱቄ እግር ማስገቢያ አይኖረውም፤ ስኳሩ፣ ቅመሙ፣ ሻማው እየተጫነ ይሄዳል። በበዓሉ ዕለት ደግሞ ሁሉም በየቤቱ ይገባና በሩን ይዘጋል። መንገዱ ላይ ከእኔና ከውሾች በቀር አይታይም። ውሾቹም ከቀትር በኋላ ወደሚያውቁት ደጅ ይሄዳሉ።

እንዲህ ባለው ኑሮ መካከል ነው እሷ የመጣችው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ወለል የምታጥብ፣ ጨርቅ የምትቀቅል የጋይንት ሴት ነበረች። በልጅነቷ ድረዋት፣ ባሏን «አልሆነኝም» ብላ ትታው የመጣች ናት። በየማለዳው ሥራ ከመግባቷ በፊት ለጤና ጣቢያው ሳሙና ልትወስድ ብቅ ትላለች፤ አመሻሹ ላይ ደግሞ የማታ ትምህርት ትማራለች። ስድስተኛን ጨርሳ ሚኒስትሪ ተፈትና ነበር። ሒሳቡና ሳይንሱ ከፍ አድርገዋት ታሪክ ጎትቶ ጣላት።

ቁስል የሚያክመው የጤና ጣቢያው ድሬሰር በሰው ፊት ቃል ገብቶላታል፤ ሚኒስትሪውን ካለፈች ደብረ ታቦር ሆስፒታል እንዲያዛውሯት ያደርጋል፣ እዚያ ሰባተኛን እየተማረች ከወለል ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መርፌ ከፍ ትላለች። ካላለፈች እዚሁ ናት፤ ከባልዲዋ ጋር። ይህ እንግዲህ የእሷ ነገር ነው። የእኔ ነገር ደግሞ በማለዳ በሬን ስከፍት ድምፁን የምሰማው የመጀመሪያ ሰው እሷ መሆኗ ነበር። አንዳንድ ቀን የመጨረሻውም እሷ ነበረች፤ «ጨው አለ?» የሚለውን ድምፅ ካልቆጠርነው።

አንድ ማለዳ በታሪክ እንዴት እንደወደቀች ጠየቅኋት። ያን ጊዜ ገና አንቱ ነበር የምትለኝ።

«ጥያቄው መጥፎ ሆኖ ነው እንጂ መልሱንስ አውቀዋለሁ» አለች።

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው?»

«በመሳፍንቱ ዘመን በእኛ አገር ስለተደረገው ጦርነት። የጊዜው ገዥ ራስ በውጊያው ፍጻሜ ምን አደረጉ ይላል። ሀ፣ ሸሹ። ለ፣ ተማረኩ። ሐ፣ ታረቁ። መ፣ መልስ አልተሰጠም። የአያቴ አባት ደግሞ እዚያው ከራስ ጎን ነበሩ። ራስ አልሸሹም! በቅሏቸውን ሊያጠጡ ወደ ወንዝ ወረዱ።»

«በቅሏቸውን?»

«ጠምቷት ነበራ!»

«ከጠጣች በኋላስ ተመለሱ?»

ጥቂት አሰበች። «አያቴ እዚያ ላይ ነው የሚያቆሙ» አለች።

«እና የቱን ከበብሽ?»

«ምንም አልከበብኩም። ከጎኑ ጻፍኩበት።»

እኔም ስቄ ዝም ማለት ሲገባኝ አፌ አላስቻለኝም። «የእኔ ቅድመ አያት ደግሞ ከማዶ በኩል ነበሩ» አልኳት። «ያችን በቅሎ ሲከተሉ ሁለት ቀን እንደተጓዙ ለልጆቻቸው ነግረዋል። ስትጠጣ ግን አላየኋትም ነው ያሉት።»

ጨው ከረጢቱ ላይ ተቀምጣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ኧረ አንተ ውሸታም!» አለችኝ። አንቱታው የቀረ በዚያን ቀን ነው። እኔም መልሼ አልጠየቅኩትም።

እውነት ለመናገር ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። ታሪክ እኛ ዘንድ ትምህርት አይደለም፣ የቤት ጉዳይ ነው። ጋይንትም ሆነ እስቴም ሆነ ስማዳ፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጦርነትና የራሱ አሸናፊ አለው። ተሸናፊ ያለበት ቤት እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ፈተናውን የሚያወጡት ሰዎች አዲስ አበባ ተቀምጠው ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም። ለአንድ የጋይንት ልጅ «ራስ ምን አደረጉ» ብሎ መጠየቅ አያትሽን ትክጃለሽ ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው፤ እሷም አልካደች፣ ወደቀች።

በጥር፣ ምስርና ሰም ጭኜ ወደ ደብረ ታቦር ልወርድ ስሰናዳ መጣች።

«የታሪክ አጋዥ የሚባል መጽሐፍ አለ አሉ» አለችኝ። «ብዙ ዓይነት ነው፤ የማይረባውም ብዙ ነው። አንተ ምረጥልኝ። አንተን ማን ያታልልሃል?»

«እኔስ አላታልልም ወይ?»

«እሱ ከአፌ አልወጣም።»

ደብረ ታቦር ደብተርና እስክሪብቶ፣ የቅዱሳን ሥዕልና ጓጉንቸር ባንድ መደርደሪያ የሚሸጥ ሰው ነበር። የታሪክ አጋዥ ስለው ሁለት አወጣልኝ። አንደኛው ወፍራም ነው፤ ከማተሚያ ቤት የወጣ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው፣ በየምዕራፉ የነገሥታት ሥዕል፣ ሲገልጡት አዲስ ቆዳ የመሰለ ሽታ የሚሸት። ሁለተኛው በስቴንስል የተባዛ ነው። በሽቦ ተሰፍቶ ሽቦው ዝጓል፤ ፊደሉ አንዳንድ ቦታ ደምቆ አንዳንድ ቦታ ጠፍቷል። ሥዕል የለው፣ ወሬ የለው። ጥያቄ፣ ከሥሩ መልስ፤ ጥያቄ፣ ከሥሩ መልስ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው።

እኔ ስለ መጽሐፍ አላውቅም፤ ስለ ሻጭ ግን አውቃለሁ። ሻጭ ዕቃው ጥሩ ነው ወይ ተብሎ አይጠየቅም። «የትኛውን የገዙ ሰዎች ይመለሱብሃል?» አልኩት።

ጥያቄው አስደሰተው፤ የሙያ ጓደኛ አገኘ። «ወፍራሙን የገዙ ይመለሳሉ» አለኝ። «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ፣ ያ ለምን ተባለ እያሉ ይከራከሩኛል፤ እኔ የጻፍኩት ይመስል። በዓመቱ ደግሞ ይመጣሉ። ቀጭኑን የገዙ አንድም ቀን ተመልሰው አላየኋቸውም።»

«ተናደው ይሆን?»

«አልፈው ሄደው ነዋ!»

እዚያው ቆምኩ። ከኋላዬ ጓጉንቸር የሚፈልግ ሰው ነበር፤ ቀድሞኝ ገዝቶ ሄደ። በንግድ ዘመኔ ዕቃ ለመምረጥ ያን ያህል የቆምኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። በመጨረሻ ሁለቱንም ገዛሁ። መወሰን ያቃተው ሰው ሁለቱንም ይገዛል፤ ይህን ከደንበኞቼ ስለማውቅ በራሴ ላይ ሲደርስ አላፈርኩም።

ወደ እስቴ ስመለስ ከበቅሎዎቼ ኋላ እየሄድኩ ሳሰላስል ነገሩ ጥርት ብሎ ታየኝ። ወፍራሙን ብሰጣት በየገጹ አያቷ ያላሉት ነገር ታገኛለች። ባገኘች ቁጥር በማለዳ እየመጣች ጨው ከረጢቱ ላይ ተቀምጣ ትሟገታለች። ሰኔ ሲደርስ ከጎኑ ትጽፍበታለች። ነሐሴ ላይ ትወድቃለች፤ መስከረም ላይ እንደገና ጨው ከረጢቱ ላይ ናት። ወፍራሙ መጽሐፍ ለእኔ ዓመታት ነበር። ቀጭኑ ደግሞ የሚከራከሩበት ቦታ የለውም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ቀጥሎ መንገድ።

በማግሥቱ ሁለቱንም ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ቀጭኑን ሳታየው ወፍራሙን ሳበችው። ገለጠች፤ ሥዕሎቹን አንድ ባንድ አየች። የራስ ሥዕል ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

«በቅሎዋን አልሣሏትም» አለች።

«ውኃ ላይ ሆና ይሆናል።»

«ይሄንን ነው የምወስድ።»

«ቀጭኑን ውሰጂ» አልኳት።

ቀና አለች። «ምነው? ወፍራሙን ለሌላ ሰው ነው ያመጣኸው?»

«ለማንም አይደለም።»

«እንግዲያ ዋጋው ከብዶ ለእኔ አይሆንም ብለህ ነው።»

«ዋጋ መች አነሣሁ?»

ቀጭኑን በሁለት ጣት አንሥታ አገላብጣ አየችው። «ይሄማ የተራበ ነገር ነው» አለች። «ሽቦው ራሱ ዝጓል። ይሄን ይዤ ብሄድ የማታ ተማሪዎቹ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። ወፍራሙ ወሬ ይወዳል፤ አንቺም ትወጃለሽ። ሁለታችሁ ወሬ ስትይዙ ሰኔ ይደርስባችኋል። ቀጭኑ ግን አያወራሽም፤ መልሱን ሰጥቶሽ ዝም ይላል።»

«በቀጭኑ አልፋለሁ ነው የምትለኝ?»

«ታልፊያለሽ።»

«ካለፍኩ እኮ እሄዳለሁ።»

ያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። በመንገዱ ገለባ የጫነች አህያ ስታልፍ ትዝ ይለኛል፤ እስክታልፍ ድረስ አየኋት።

«ሳሙናውን ሌላ ሰው እየመጣ ይወስዳል» አልኳት።

አተኩራ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ» አለች፣ «ዕቃ እንዲህ አጥብቀህ ስትሸጥ አይቼህ አላውቅም።» ቀጭኑን አጣጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ለአንድ በሬ ሲደራደሩ አንዱ ሌላው ዋጋ እስኪጠራ ይጠብቃል። ሁለቱም ነገር አዋቂ ከሆኑ ፀሐይ ትጠልቅና በሬው ወደ መጣበት ይመለሳል። በዚያን ቀን እኔ እሷን ጠበቅኋት። እሷም የጠበቀችኝ ይመስለኛል። ሁለታችንም ነገር አዋቂ ነበርን።

ከዚያ በኋላ በማለዳ ማለዳ እናጠና ጀመር። አጠናኑን ያመጣሁት ከቤተ ልሔም ነው። እዚያ የቃል ትምህርት ሲሆን አንዱ በቃሉ ይላል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ የሳተ እንደሆነ ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ብቻውን የሚያጠና ሰው ስሕተቱንም አብሮ ያጠናል ይሉን ነበር የኔታ። እሷ ጨው ከረጢቱ ላይ ተቀምጣ ትላለች፣ እኔ ቀጭኑን ይዤ አዳምጣለሁ። የአያቷን መልስ ስታመጣ «ይሄ የአያትሽ ነው» እላታለሁ፤ ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ደንበኛ ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም። አንድ ቀን ጨው ሊገዙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተራቸውን ሲጠብቁ የራስ ጥያቄ ደረሰ። እሷም እንደ ልማዷ ወደ ወንዝ ወረደች።

«የአያትሽ ነው» አልኳት። «ሀ፣ ሸሹ።»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። «ምን አባቱ ነው ሸሹ የሚል! ራስን? ማነው የጻፈው?»

«መንግሥት ነው አባባ።»

«መንግሥት ነው?» ዱላቸውን ተደግፈው አሰቡ። ወደ እሷ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያ ልጄ ለጊዜው ሸሹ በዪ። ከፈተና ስትወጪ ትመልሻቸዋለሽ» አሏት።

እንደዚያ ስንስቅ ሱቁ ቤት ይመስል ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ትምህርቱ ገባት። በየካቲት የጤና ጣቢያው ደወል እስኪጠራት ትቀመጥ ነበር። በሚያዝያ ደወሉ ሳይደወል ትጨርሳለች። በግንቦት መቀመጡም ቀረ፤ ቅርጫቷን ክንዷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማ ታወርደውና ሳሙናዋን ይዛ ትሄዳለች። ባወቀች ቁጥር የምትቆይበት ሰዓት ያጥር ጀመር። እኔው አስተምሬ እኔው አሳጠርኩት።

አንድ ማለዳ የራስን ጥያቄ ጠየቅኋት።

«ሀ፣ ሸሹ» አለች። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ወንዙና በቅሎዋ ከሱቄ አብረው ሲወጡ ተሰማኝ። በዚያን ዕለት ሌላ አልጠየቅኋትም፤ ጨው የሚመዘን አለ ብዬ አሰናበትኳት። የሚመዘን ጨው አልነበረም።

በሰኔ ተፈተነች። ነሐሴ ላይ ዝናቡ እያወረደው ጋቢ ተከናንባ መጣች፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። በሩ ላይ ቆማ «አለፍኩ» አለች። «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲናገርልን ቆየ። «ሳሙና ልስጥሽ?» ብላት «ዛሬስ ለሳሙና አይደለም የመጣሁ» አለችና ጥቂት ቆማ ሄደች።

መስቀል አልፎ መንገዱ ደረቅ ሲል ወደ ደብረ ታቦር የሚወርዱ ነጋዴዎች ነበሩ። ዕቃዋን በጀርባዋ አዝላ ልትከተላቸው ስትል ቡላዋን በቅሎዬን ኮርቻ ጭኜ ሰጠኋት፤ በቅሎዋን ነጂዬ ይመልስልኛል። ከጭነት በቀር ተሸክማ የማታውቅ በቅሎ ናት፤ ሰው ሲቀመጥባት ግራ ገብቷት ዞራ አየችኝ።

እስከ ከተማው ጫፍ፣ መንገዱ ቁልቁል እስከሚጀምርበት ሸኘኋቸው። ሌሎቹ ቀድመው ወረዱ። እሷ በቅሎዋን ገታ አድርጋ ከነጠላዋ ጫፍ ቀጭኑን አጋዥ ፈታችና ሰጠችኝ። ሽቦው አልቆ በክር ሰፍታዋለች።

«ለሚያልፍ ሰው ስጠው» አለች።

«እሺ።»

«ሄደች እንዳትል ደግሞ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«በቅሎዋን ልታጠጣ ወረደች በል።»

ፊቷን አዞረችና ወረደች። ሳቀች ወይስ ሌላ፣ ከኋላ አይታይም። እኔ ከዚያ ሆኜ የማየው የነጠላዋን ጀርባና የበቅሎዋን ጆሮ ነበር፤ መጀመሪያ ነጠላው፣ በኋላም ጆሮዎቹ ከቁልቁለቱ በታች ጠፉ።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን በቅሎዋ ተመለሰች። ጨው ጭና ነበር፤ ባዶዋን እንዳታመጣት ብዬ ነጂውን ያዘዝኩት ራሴ ነኝ። ያዘዝኩትን ረስቼው ከሩቅ ሳያት ኮርቻው ላይ አንድ ሰው ያለ መስሎኝ ከሱቅ ወጣሁ። ጨው ነው። አራገፍንላት። በባልዲ ውኃ አቀረብኩላት፤ አሸተተችውና ፊቷን መለሰች። «ወንዙ ላይ ጠግባ ጠጥታለች» አለኝ ነጂው።

ወፍራሙ መጽሐፍ ከባንኮኒው ሥር ቀርቶ ነበር። ሰው ሁሉ በሩን በሚዘጋበት በበዓል ቀን አወጣውና እገልጠዋለሁ። መልካም መጽሐፍ ነው፤ ወረቀቱ ጥሩ፣ ሥዕሉ ጥሩ። ራስ ጋ ስደርስ «ሸሹ» ይላል፤ ረጅም አድርጎ፣ በሦስት አንቀጽ። እኔ የስማዳ ሰው ነኝ፤ ሸሹ ሲባል ደስ ሊለኝ የሚገባ እኔ ነበርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሐሰት ነው» እለዋለሁ። መጽሐፉ እንደ እሷ አይመልስልኝም፤ ግን ሙግት ይወዳል፣ ሰው ዝም አያሰኝም።

ጨው የሚገዙት ሽማግሌ ከኅዳር ገበያዎች ባንዱ መጡ። ከረጢቱን አዩት፣ በሩን አዩት።

«ያች ልጅ የት ሄደች?» አሉኝ።

«በቅሎዋን ልታጠጣ ወርዳለች» አልኳቸው።

ገባቸው። ጨዋቸውን በጫፉ ላስ አድርገው ቀመሱና በስልቻቸው ጨመሩ። ስልቻውን እያሰሩ፣ «እና ስትጠጣላት ትመለሳለች?» አሉኝ።

«አያቷ እዚያ ላይ ነው የሚያቆሙ» አልኳቸው።